ብቻዬን በመርከብ ልጓዝ ነው፤ የመሳፈሪያውን ቀን እንዴት ልወጣው?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለምክር ዓምድ። ዕድሜዬ 61 ሲሆን የምኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ባለቤቴ ካረፈ ዓመታት አልፈዋል፤ ልጆቼም የየራሳቸውን ኑሮ ይዘዋል። የአሜሪካ ዜግነት አለኝ። በመጪው ወር ከባልቲሞር ተነስቶ በፍሎሪዳው ፖርት ካናቬራል በኩል ባሃማስ ደርሶ በሚመለስ የመዝናኛ መርከብ ብቻዬን ልሄድ ነው፤ ቲኬቱን የቆረጠችልኝ ልጄ ናት። ባሕሩ አያስፈራኝም፤ የሚያስፈራኝ የመጀመሪያው ቀን ነው። ሰው ሁሉ ከቤተሰቡ ጋር ተሰልፎ እኔ ብቻዬን ሻንጣ ስጎትት ይታየኛል። እህቴ ደግሞ “ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል” እያለች ታሾፍብኛለች። በስንት ሰዓት ልሂድ? የልደት ምስክር ወረቀት ይበቃል የሚባለውስ እውነት ነው? ቡና የማፈላበትን ምድጃና የሐበሻ ቀሚሴን የምተኩስበትን ካውያ ይዤ መግባት እችላለሁ? ምሳና እራትስ ከማን ጋር ነው የምበላው?

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ ፍርሃትዎ ያረፈው በትክክለኛው ቀን ላይ ነው። ብቻዬን በመርከብ መጓዝ ከጀመርኩ ብዙ ጊዜ ቢሆነኝም፣ እስከ ዛሬ ድረስ ከጉዞው ቀናት ሁሉ ብቻዬን መሆኔ በጉልህ የሚታወቀኝ በመሳፈሪያው ቀን፣ ከተርሚናሉ በር እስከ እራት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በማግስቱ ቤተሰቡም ጓደኛሞቹም በየፊናቸው ተበታትነው፣ አንዱ መጽሐፍ ይዞ ጥግ ሲቀመጥ ሌላው ሲተኛ፣ ማን ከማን ጋር እንደመጣ የሚያውቅ ሰው አይኖርም። በመጀመሪያው ቀን ግን ሁሉም በቡድን ይሰለፋል፣ በቡድን ፎቶ ይነሳል፣ በቡድን ሆኖ ሊፍት ይጠብቃል፤ አንዱ ሰልፍ ሲይዝ ሌላው ሽንት ቤት ደርሶ ይመለሳል። ስለዚህ “አይዞዎት፣ ይድፈሩ” ብቻ ብዬ አላልፍም። አብሮ የሚሄድ ሰው በዚያ ቀን የሚሠራቸው የታወቁ ሥራዎች አሉት፤ ሰዓት ያስታውሳል፣ ወረቀት ይይዛል፣ ሻንጣ ይጠብቃል፣ የት እንዳሉ ያውቃል፣ ገበታ ላይ አብሮ ይቀመጣል። እነዚህን ሥራዎች ከቤት ሳይወጡ ለሌላ ሰው፣ ለስልክዎ ወይም ለቦርሳዎ ኪስ ካደላደሏቸው፣ የቀረው ጭንቀት እርስዎ እንደሚያስቡት የሚከብድ አይሆንም።

ከወረቀቱ ልጀምር፤ በደብዳቤዎ ውስጥ ያሳሰበኝ እሱ ነውና። ከአሜሪካ ወደብ ተነስቶ ወደዚያው ወደብ በሚመለስ የመርከብ ጉዞ ላይ የአሜሪካ ዜጋ ያለ ፓስፖርት፣ በልደት ምስክር ወረቀትና ፎቶ ባለበት የመንግሥት መታወቂያ መሳፈር ይችላል የሚባለው እውነት ነው። ነገር ግን የተባለው የልደት ምስክር ወረቀት አሜሪካ ውስጥ ለተወለደ ሰው የተሰጠው ነው። አዲስ አበባ ወይም ጎንደር የተወለደ ሰው የልደት ምስክር ወረቀቱን ከመንጃ ፈቃዱ ጋር ቢያቀርብ ዜግነቱን የሚያሳይ ነገር አላቀረበም፤ ከተርሚናሉ በር ሊመለስ ይችላል። በዜግነት ቃለ መሐላ የተሰጠዎት የዜግነት ምስክር ወረቀት ከመታወቂያ ጋር ተቀባይነት አለው፤ ሆኖም ዋናውን ቅጂ ይዞ ባሕር ላይ መውጣትን አልመክርም፤ ከጠፋ ምትኩን ለማውጣት ገንዘቡም ጊዜውም ብዙ ነው። ፓስፖርትዎን ይያዙ። ባሃማስ ላይ ታመው በአውሮፕላን መመለስ ቢያስፈልግዎ ወይም መርከቡ ጥሎዎት ቢሄድ፣ የሚያሳፍርዎት ያ ሰነድ ነው። አብሮ ተጓዥ ያለው ሰው ወረቀት ቢጎድልበት ቢያንስ የሚሯሯጥለት ይኖራል፤ እርስዎ ግን አልጋ ላይ ሆነው ኤምባሲ መደወል ሊኖርብዎት ነው። (ይህን የሚያነቡ የግሪን ካርድ ባለቤቶችም ግሪን ካርዱን ብቻ ሳይሆን ጊዜው ያላለፈበትን የኢትዮጵያ ፓስፖርታቸውንም እንዲይዙ፣ መርከቡ የሚደርስባቸው አገሮች ምን እንደሚጠይቁም ከኩባንያው አስቀድመው እንዲያረጋግጡ አሳስባለሁ።)

ቲኬቱን የቆረጠችው ልጅዎ ስለሆነች፣ ዛሬውኑ ፓስፖርትዎንና የጉዞ ማረጋገጫውን ጎን ለጎን አስቀምጠው ስሙን ፊደል በፊደል ያስተያዩ። የእኛ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ መልኩ ብዙ ነው፤ አንዱ “ጸሐይ” በመታወቂያ በአንድ ዓይነት፣ በባንክ ካርድ በሌላ ዓይነት፣ ልጅ በለመደችው አጻጻፍ ደግሞ በሦስተኛ ዓይነት ሊገኝ ይችላል። በዚያ ላይ ፓስፖርቱ የአያትን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ይዞ ሳለ፣ ልጆች በአባት ስም የሚመዘግቡበት ጊዜ አለ። ስህተቱ ከሳምንታት በፊት ከታወቀ በአንድ የስልክ ጥሪ ይስተካከላል፤ በመሳፈሪያው ቀን ጠረጴዛው ላይ ሲታወቅ ግን ሰልፉ ከኋላዎ ቆሞ እያየዎት ነው የሚከራከሩት። የምዝገባ ፎቶዎንም በኩባንያው መተግበሪያ ከቤትዎ ያስገቡ፤ ያኔ በር ላይ የሚቀርዎት ፓስፖርት ማሳየት ብቻ ይሆናል።

ስለ ሰዓት ከመናገሬ በፊት፣ ሰዓቶቹን ሁሉ በአሜሪካ አቆጣጠር እንደምጽፍ ልብ ይበሉልኝ፤ እርስዎም ለእህትዎ ሲነግሯት በዚያው ይንገሯት፤ በሐበሻ ሰዓት ተነጋግሮ በፈረንጅ ሰዓት መርከብ ያመለጠው ሰው አይጠፋም። መርከቡ ከሰዓት በኋላ በ4፡00 የሚነሳ ከሆነ፣ መሳፈር የሚጀመረው አብዛኛውን ጊዜ ከረፋዱ 11፡00 ገደማ ሲሆን፣ በሩ የሚዘጋው በ4፡00 አይደለም። ኩባንያው የተሳፋሪዎቹን ዝርዝር መርከቡ ከመነሳቱ ቢያንስ 60 ደቂቃ አስቀድሞ ለአሜሪካ የጉምሩክና የድንበር ጥበቃ መሥሪያ ቤት ማስረከብ ስላለበት፣ ምዝገባው መርከቡ ከመነሳቱ ከአንድ ሰዓት ወይም ከአንድ ሰዓት ተኩል በፊት ይዘጋል። በ3፡30 የደረሰ ሰው መርከቡን ቆሞ እያየው ሊቀርበት ይችላል።

“ካመለጠኝ ፍሎሪዳ በአውሮፕላን ሄጄ እይዘዋለሁ” ብለው ካሰቡም ሐሳቡን ይተዉት። እ.ኤ.አ. በ1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ የሌላ አገር ሰንደቅ ዓላማ የሚያውለበልቡ መርከቦች ሰውን ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ወደ ሌላ የአሜሪካ ወደብ እንዳያመላልሱ ይከለክላል፤ ትልልቆቹ የመዝናኛ መርከቦች ደግሞ ከጥቂቶች በቀር የተመዘገቡት በባሃማስ፣ በፓናማና በመሳሰሉት አገሮች ነው። ፖርት ካናቬራል ተሳፍረው ባልቲሞር ቢወርዱ፣ መርከቡ በመካከል ባሃማስ መድረሱ ብቻ ከዚያ ሕግ አያወጣዎትም፤ ስለዚህ አያሳፍሩዎትም። የሚቀረው መንገድ ባሃማስ ድረስ በረው መሳፈር ነው፤ እሱም ያለ ፓስፖርት አይሆንም፣ ኩባንያውም አስቀድሞ መፍቀድ አለበት።

እንግዲህ ከሲልቨር ስፕሪንግ ባልቲሞር ቅርብ መሆኑ ትልቅ ዕድልዎ ነው። ማያሚ ወይም ፎርት ላውደርዴል ለሚሳፈር ሰው ከዋዜማው ደርሶ ሆቴል እንዲያድር ሁልጊዜ እመክራለሁ፤ የእርስዎ መንገድ ግን የትራፊክ መጨናነቅ ከሌለበት አንድ ሰዓት አይሞላም። በመተግበሪያው ላይ የመድረሻ ሰዓት ሲመርጡ እንደ ብዙ ሰው የመጀመሪያውን አይምረጡ። ከ11፡00 በፊት የሚመጣው የሚጓጓው ቤተሰብ ነው፤ ልጅ ያለቅሳል፣ ጋሪ ይጋጫል። እኔ የምወደው 12፡30 ገደማ ያለውን ነው፤ የጠዋቱ ግፊያ ይረግባል፣ የሚያልፈው ሰልፍ ወንበር የሚያስፈልገው ዓይነት አይሆንም፣ መርከቡ ውስጥ ሲገቡም ክፍሎች ለመከፈት ተቃርበዋል። ቀድሞ መግባት የሚያተርፈው ነገር ሻንጣ አንጠልጥሎ ቡፌ ውስጥ መዞር ነው።

ሎከስት ፖይንት በሚገኘው የባልቲሞር የመርከብ ተርሚናል መኪና ማቆሚያ ስላለ ራስዎ ነድተው መሄድ ይችላሉ፤ ሆኖም ልጅዎ ብታደርስዎት ይሻላል እላለሁ፤ ምክንያቴም ሻንጣው ነው። ከመኪና እንደወረዱ ሻንጣ ተሸካሚዎች በጋሪ ቆመው ያገኟቸዋል። የክፍል ቁጥርዎ የታተመበት ወረቀት ከቤትዎ በስቴፕለር እጀታው ላይ ተመትቶ ወይም በላስቲክ ማቀፊያ ታስሮ ከሆነ፣ ትልቁን ሻንጣ ለእነሱ አስረክበው በአንድ ሻንጣ አንድ ወይም ሁለት ዶላር ጉርሻ ሰጥተው በትንሽ ቦርሳ ብቻ ይገባሉ። እርስዎ የፈሩት ያ ብቻውን ሻንጣ የሚጎትት ሰው በዚህች ቅጽበት ይጠፋል። በሰልፉ ላይ የሚታየው እጇ ባዶ የሆነ፣ አንዲት የትከሻ ቦርሳ የያዘች ሴት ናት፤ ሰው ሁሉ የሚቀናውም በእሷ ነው።

ትልቁ ሻንጣ ግን ክፍልዎ በር ላይ የሚደርሰው ከሰዓት በኋላ፣ አንዳንዴም ከእራት በኋላ መሆኑን አይርሱ። ስለዚህ በትከሻ ቦርሳዎ ውስጥ ፓስፖርት፣ የሚወስዷቸው መድኃኒቶች በሙሉ፣ መነጽር፣ የስልክ ቻርጀር፣ ሹራብና አንድ ቅያሪ ልብስ ይኑር። የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት በምንም ምክንያት ከእጅ መለየት የለበትም። ፓስፖርቱ ደግሞ አንድ የማይለዋወጥ ኪስ ይኑረው። ለብቻ ተጓዥ ትልቁ መዓት መጥፋት ሳይሆን “የት አደረግሁት?” ብሎ በሰው መካከል ቦርሳ መበርበር ነው፤ “አንተ ጋ ነው?” ተብሎ የሚጠየቅ ሰው የለምና።

አሁን ወደ ቡናውና ወደ ካውያው ልምጣ። መልሱ አጭር ነው፤ ሁለቱም አይገቡም። በባሕር ላይ ከሁሉ የሚፈራው እሳት ስለሆነ ካውያ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ የውሃ ማፍያ፣ ሻማ፣ እጣንና ከሰል የተከለከሉ ናቸው፤ ብዙ ሶኬት ያለው የኤሌክትሪክ ማራዘሚያም አብዛኛውን ጊዜ ይወሰዳል። ጀበናው ራሱ ሸክላ ነውና የሚከለክለው ሕግ ያለ አይመስለኝም፣ ነገር ግን የሚጣድበት ምድጃ ከሌለ ምን ይሠራልዎታል? ቡና መርከቡ ላይ በነጻም በክፍያም ሞልቷል፤ እንደ ቤት ቡና ነው ብዬ ግን አልዋሽዎትም። ምግብን በተመለከተ ብዙዎቹ ኩባንያዎች የሚፈቅዱት በፋብሪካ የታሸገና ያልተከፈተ ደረቅ ምግብን ነው። በቤት የተዘጋጀ ዳቦ ቆሎ ወይም ድርቆሽ በፌስታል ይዞ የመጣ ሰው በፍተሻው ላይ ሊነጠቅ ይችላል፤ ከሐበሻ ሱቅ የታሸገ ቆሎና ሚጥሚጣ ቢገዙ ይሻላል። የጾሙን ነገር ባይጠይቁኝም ልጨምር፤ ረቡዕና ዓርብን የሚጾሙ ከሆነ በዚያው በመጀመሪያው ቀን ወደ ዋናው የምግብ አዳራሽ ወርደው ለአስተናጋጆቹ አለቃ “ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የሌለበት ምግብ በእነዚህ ቀናት እፈልጋለሁ” ብለው ያስመዝግቡ። ቪጋን የሚሉት እሱን ስለሆነ አዲስ አይሆንባቸውም፤ በዕለቱ ሲጠይቁ ግን ሰላጣ ብቻ ይዘው ሊመጡ ይችላሉ።

በምዝገባ ጊዜ መርከብ ላይ ለሚያወጡት ወጪ ካርድ ይጠየቃሉ፤ በዚያ ጊዜ ክሬዲት ካርድ እንጂ ዴቢት ካርድ አይስጡ። ኩባንያው ወጪዎን እየገመተ ገንዘብ ይይዛል፤ በዴቢት ካርድ ሲሆን የሚያዘው ከባንክ ሒሳብዎ ላይ ያለው ጥሬ ገንዘብ ነው፤ የተያዘው እስኪለቀቅ ደግሞ ከጉዞው በኋላ ቀናት ሊወስድ ስለሚችል የቤት ኪራይ ወይም የሞርጌጅ ክፍያዎ በዚያ መካከል በቂ ገንዘብ የለም ተብሎ ሊመለስ ይችላል። ብቻዎን ለያዙት ክፍል የሁለት ሰው ያህል ከፍለው ይሆናል፤ የክፍሎቹ ዋጋ ሁለት ሰው ታስቦ የሚወጣ ስለሆነ ይህ የተለመደ ነው። ኖርዌጂያን ኤፒክ የተባለው መርከብ እ.ኤ.አ. በ2010 128 የአንድ ሰው ክፍሎችን ይዞ ከወጣ ወዲህ ሌሎችም እየጨመሩ ቢመጡም፣ ቁጥራቸው ትንሽ ስለሆነ ቀድመው ያልቃሉ። የየዕለቱ የአገልግሎት ጉርሻ ግን በሰው ቁጥር እንጂ በክፍል አይታሰብም። በመጀመሪያው ምሽት ሒሳብዎን ከፍተው የአንድ ሰው ብቻ መሆኑን ይመልከቱ።

ክፍልዎ እንደተከፈተ ሻንጣ ሳይጠብቁ ገብተው በሩን ይፈትሹ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የአሜሪካ የመርከብ ተሳፋሪዎች ደኅንነት ሕግ የክፍሎች በር ወደ ውጭ ማያ ቀዳዳ ወይም ተመሳሳይ ማያ እንዲኖረው፣ የበረንዳና የመተላለፊያ አጥር ደግሞ ከ42 ኢንች፣ ማለትም ከ107 ሴንቲ ሜትር ገደማ እንዳያንስ ያዝዛል። የውስጡን መቀርቀሪያ ይሞክሩት፣ ካዝናውን በራስዎ ቁጥር ዘግተው ይክፈቱት፣ ስልኩ ላይ የተጻፈውን የአደጋ ጊዜ ቁጥር ያንብቡ። የክፍል ቁጥርዎን በቁልፍ ካርዱ ላይ አይጻፉ፤ በሊፍት ውስጥ “ስንት ቁጥር ነሽ?” ብሎ ለሚጠይቅ ሰውም፣ ምንም ጨዋ ቢመስል፣ ፎቁን እንኳ አይንገሩ። ከዚያ የክፍሉን ቁጥር፣ የመርከቡን ስምና የኩባንያውን የአደጋ ጊዜ ስልክ ለልጅዎ በመልእክት ይላኩ። መቼ ድምፅዎን እንደምትሰማም ቀጠሮ ይስጧት፤ “ፖርት ካናቬራል ስንደርስ እደውላለሁ፣ እስከዚያ ዝም ካልኩ አትደንግጪ” ቢሏት ሁለታችሁም ታርፋላችሁ። ባሕር ላይ ስልክዎ ሳያስቡት የመርከቡን የሳተላይት ኔትወርክ ይዞ ከፍተኛ ሒሳብ እንዳያስመጣብዎ፣ መርከቡ ከወደብ ሳይርቅ በኤርፕሌን ሞድ ያድርጉትና ዋይፋይ ከገዙ እሱን ብቻ ይክፈቱ።

ብዙ ሰው እንደ ጣጣ የሚቆጥረው የአደጋ ጊዜ ልምምድ ለእርስዎ ከሁሉ ይልቅ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. ጥር 13 ቀን 2012 ኮስታ ኮንኮርዲያ በጣልያኗ የጂሊዮ ደሴት አጠገብ ከአለት ጋር ተጋጭቶ 32 ሰዎች ሲሞቱ፣ በዚያው ምሽት ከቺቪታቬኪያ የተሳፈሩት መንገደኞች ልምምዱን ገና አላደረጉም ነበር፤ በጊዜው የነበረው ደንብ እስከ 24 ሰዓት ድረስ ማቆየትን ይፈቅድ ነበርና። ከዚያ ወዲህ ዓለም አቀፉ ደንብ ተሻሽሎ፣ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2015 ጀምሮ ልምምዱ መርከቡ ከመነሳቱ በፊት ወይም ልክ እንደተነሳ እንዲደረግ ሆኗል። ዛሬ በብዙ መርከቦች ላይ ቪዲዮውን በስልክ ወይም በክፍል ቴሌቪዥን አይተው፣ ከዚያ በተመደበልዎ የመሰብሰቢያ ቦታ ተገኝተው ካርድዎን ማስመዝገብ ብቻ ነው የሚጠበቅብዎት። ምልክቱ ሰባት አጭርና አንድ ረዥም ፊሽካ ነው። እኔ ከመሰብሰቢያው ቦታ ወደ ክፍሌ በደረጃ እየቆጠርኩ እመለሳለሁ፤ በጨለማ እጄን ይዞ የሚመራኝ ስለሌለ መንገዱን እግሬ እንዲያውቀው እፈልጋለሁ። እርስዎም ምሳዎን ከመብላትዎ በፊት ይህን ይጨርሱ፤ በኋላ ሰው ሁሉ ሲጠራራ እርስዎ ነጻ ነዎት።

ምሳውን ሁሉም የሚያውቀው አንዱ ቦታ፣ ላይኛው ፎቅ ያለው ቡፌ ስለሆነ፣ እስከ 2፡00 ድረስ ትሪ ይዞ ወንበር መፈለግ ያስመርራል። ብቻውን ለሆነ ሰው ደግሞ ትሪውን አስቀምጦ መጠጥ ሊያመጣ ሲነሳ ወንበሩን የሚጠብቅለት የለም። መርከቡ እንደገቡ አንዱን ሠራተኛ “ዛሬ ከቡፌው ሌላ ምሳ የሚሰጥበት የት ነው?” ብለው ይጠይቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ጸጥ ያለ ካፌ ወይም ሳንድዊች የሚሰጥበት ቦታ አለ። በመጀመሪያው ቀን ምሳ ብቻዎን ቢበሉ ምንም አይደለም፤ ቢበዛ ሃያ ደቂቃ ነው።

እራቱን ግን ብቻዎን አይብሉ፤ በእህትዎ ተረት ላይ የምስማማበት ቦታ ቢኖር ይሄ ነው። ልጅዎ ስትመዘግብ “የሁለት ሰው ጠረጴዛ” የሚለውን መርጣ ከሆነ፣ ወይም ሰዓቱ እንደፈለጉ የሚባለው ዓይነት ከሆነ፣ ዛሬ ደውለው በተወሰነ ሰዓት የሚበላበትንና ስድስት ወይም ስምንት ሰው የሚይዘውን የጋራ ጠረጴዛ ይጠይቁ። በመሳፈሪያው ቀንም ማስቀየር ይቻላል፤ ከሰዓት በኋላ የምግብ አዳራሹ በር ላይ ለዚሁ ጉዳይ ሰው ይመደባል። የተወሰነው ሰዓት የሚሻልበት ምክንያት በየምሽቱ እነዚያው ሰዎች መሆናቸው ነው፤ የመጀመሪያው ምሽት ስምና አገር በመጠያየቅ ያልፋል፣ በሁለተኛው ሲመጡ “ዛሬ የት ዋልሽ?” የሚልዎት ሰው ይኖራል። ጠረጴዛው ካልተስማማዎት ያለ ሐፍረት በማግስቱ ያስቀይሩ፤ በይሉኝታ የጉዞውን እራት ሁሉ ከማይጥም ሰው ጋር መብላት አይገባዎትም። በዕለቱ ዝርዝር ፕሮግራም ላይም ብቻቸውን የሚጓዙ ሰዎች የሚገናኙበት ሰዓት ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ቀን ይጻፋል፤ አንድ ጊዜ ብቅ ብለው ይዩት። ሰው የበዛበት ከሆነ ጥሩ፣ ሁለት ሰው ብቻ ከተገኘም ከሁለቱ አንዷ ለባሃማስ ቀን አብራዎት የምትወጣ ልትሆን ትችላለች።

“ብቻሽን ነሽ?” የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ጠረጴዛ ላይ አብረዎት ለተቀመጡ ባልና ሚስት “አዎ፣ ብቻዬን ነኝ፤ ልጆቼ በሥራ ላይ ናቸው” ማለት ምንም ነውር የለበትም፤ ከአሜሪካኖቹ ብዙዎቹ “ምነው እኔም በቻልኩ” ነው የሚሉት። ባር አጠገብ ወይም ኮሪደር ላይ ለሚጠይቅ የማያውቁት ሰው ግን “ጓደኞቼ እየጠበቁኝ ነው” ብለው ይለፉ። ንስሐ የሚያስገባ ውሸት አይደለም፤ እራት ላይ በእርግጥ የሚጠብቁዎት ሰዎች አሉ።

መርከቡ ሲነሳ ክፍልዎ ውስጥ አይቀመጡ። ከባልቲሞር የሚወጣ መርከብ በመጀመሪያ የሚያልፈው እ.ኤ.አ. መጋቢት 26 ቀን 2024 ዳሊ የተባለው የጭነት መርከብ ገጭቶት በወደቀው የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ ቦታ ነው፤ በዚያ ሌሊት ድልድዩን ይጠግኑ የነበሩ ስድስት ሠራተኞች ሞተዋል፤ ሲያልፉ ተሳፋሪው ዝም ይላል። ቀጥሎ የሚመጣው የቼሳፒክ ቤይ ድልድይ ነው። ከውሃው እስከ ድልድዩ ሆድ ያለው ክፍተት 186 ጫማ፣ ማለትም 57 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ትልልቆቹ አዳዲስ መርከቦች ባልቲሞር የማይመጡት በዚሁ ምክንያት ነው። የእርስዎ መርከብ ሲጠጋ ከላይኛው ደርብ ሆነው ሲያዩት ጭስ ማውጫው የሚገጭ ይመስላል፤ ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ ላይ አቅንቶ ትንፋሹን ይይዛል፣ ካለፈ በኋላ ያጨበጭባል፣ አጠገቡ ያለውን የማያውቀውን ሰው “አየህ?” ይለዋል። ቀኑን ሙሉ ሲሸሹት የዋሉት ወሬ በዚያ ቦታ ራሱ ይጀመርልዎታል። ሹራብዎን ይልበሱ፤ በበጋም ቢሆን ላይኛው ፎቅ ነፋስ አለው። የሌሊቱን ብዙ ክፍል የሚጓዙት በባሕር ሰላጤው ውስጥ ስለሆነ መርከቡ እምብዛም አይናወጥም፤ አትላንቲክ የሚጀምረው በማግስቱ ነው፤ የማቅለሽለሽ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ፣ ከሌሎቹ መድኃኒቶችዎ ጋር እንደሚስማማ አስቀድመው ፋርማሲስትዎን ጠይቀው፣ ከመተኛትዎ በፊት ቢወስዱት ይሠራል።

ከእራት ሲመለሱ ሻንጣዎ በር ላይ ከሌለ ወዲያውኑ አይደንግጡ፤ ከምሽቱ 9፡00 ካለፈ ግን ወደ እንግዳ መቀበያው ይደውሉ። ብዙውን ጊዜ ወረቀቱ ተቀድዶ ወድቆ ነው፤ ካልሆነም በፍተሻ ካውያ ተገኝቶበት ወደ ጥበቃ ክፍል ወርዷል ማለት ነው፤ ያኔ ቁልፍ ይዘው ወርደው በሰው ፊት ይከፍቱታል። ስለዚህ ካውያውን ቤት ይተዉት። የሐበሻ ቀሚስዎን እየጠቀለሉ እንጂ እያጠፉ አያስገቡት፣ ነጠላውን በላዩ ያድርጉ፤ ክፍልዎ እንደደረሱ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ሰቅለው ሙቅ ውሃ ለአፍታ ከፍተው በሩን ቢዘጉበት እጥፋቱ ይለቃል። ያ ካልበቃ የክፍሉ አስተናጋጅ በክፍያ ያስተኩስልዎታል፤ ዘንጦ የሚበላበት እራት አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛው ምሽት ስለሆነ በመጀመሪያው ማታ ከሰጡት ይደርሳል።